ግማሽ ዙር

መኪናው በሰዓት እስከ ሰባ ኪሎ ሜትር ድረስ ምንም አይሆንም። ሰማንያ ላይ የሾፌሩ ወንበር ከሥሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ዘጠና ሲደርስ በስፖኪዮው የሚታየው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ከኋላ የሚመጣ አንድ መኪና ሁለት ይመስላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ይተዋል፤ ሲጨምር ይመለሳል። ይህን ለማየት ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ያለው ሜዳ ያስፈልጋል፤ የወልድያው መንገድ አቀበትና መታጠፊያ ስላለው ያን ያህል አያስነዳም።

ፈይሩዝ ይህን ሁሉ ለይታ ታውቃለች። የአባቷ የሐጂ ዑስማን ዓይን ከደከመ ወዲህ ነጩን ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የምትነዳው እሷ ናት። ከግራና እርሻዎች ማንጎና ሽንኩርት ጭና ወልድያ ታራግፋለች፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደሴ ድረስ ትዘልቃለች።

ይማም እንድሪስ ሥራውን ወልድያ ተምሮ በመርሳ መውጫ ላይ ጋራዥ ከከፈተ ዓመት አልሞላውም። መኪና ከመፍታቱ በፊት ብዙ ይጠይቃል። ከፊሉ ሰው ይህን እንደ እውቀት፣ ከፊሉ ደግሞ እንደ አለማወቅ ይቆጥርበታል።

«የት ነው የሚሰማሽ?» አላት የመጀመሪያው ቀን።

«መኪናው ውስጥ ነዋ!»

«መሪው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ?»

ፈይሩዝ ልትስቅ ብላ ተወችው። እስካሁን ያዩት መካኒኮች ሁሉ መኪናውን እንጂ እሷን አልጠየቁም ነበር።

«ወንበሩ ላይ» አለች። «መሪው ዝም ይላል።»

«እንግዲያው ከኋላ ነው። ንጂና አሳዪኝ።»

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዘጠና አስገባች። ይማም መዳፉን በመካከላቸው ወለሉ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። «አሁን ዜሮ ማርሽ አድርጊው።» አደረገች። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ቀረ።

«ሞተሩ በነፃ ተሰናብቷል» አለ።

«ዳኛ ሆንክ እንዴ?»

«ተከሳሽ ሲበዛ አንድ በአንድ መሸኘት ነው።» ዓይኑን ሲገልጥ እሷን እያየ ነበር። ፈይሩዝ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

በማግስቱ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሮ ደግመው ሄዱ። ያው ነው። ጎማዎቹን ወደየቦታቸው ሲመልስ ፈይሩዝ አጠገቡ ቆማ ነበር።

«ካልጎዱ ለምን ትመልሳቸዋለህ?»

«አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለውጠው። ለውጥ ካላመጣ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። አለዚያ የቱ እንዳዳነው አላውቅም።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ መርሳ ገባ። ወንድሟ ዓሪፍ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ሱቁ ተነሥቶ ጋራዡ ድረስ መጣ።

«ኢንጂነሩ!» አለ ገና ከበሩ። «የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ‹እኅትህ ውርጌሳ ምን አላት› እያለ ይጠይቀኛል። ከእንግዲህ አብራችሁ አትሄዱም።»

«እኔ ብቻዬን ልንዳው እንዴ?»

«የአባቴን መኪና ቁልፍ ለባዳ አንሰጥም። እሷ ትንዳ፣ እሷ ትደውልልህ። ደግሞ መኪናው ከተሠራ በኋላ ያንተን ቁጥር ስልኳ ላይ እንዳላይ!»

ይማም እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሷ የምትነግረኝ ይበቃኛል» አለ።

ዓሪፍ እንደተሸነፈለት ቆጠረው። ፈይሩዝ ግን ቃሉን ይዛው ሄደች።

ከዚያ በኋላ እሱ አንድ ነገር ይነካል፣ እሷ ብቻዋን ትነዳለች፣ ውርጌሳ ዳር ስትቆም ትደውላለች።

«ሰማንያ ላይስ?»

«ጀመረ።»

«ዘጠና ላይ?»

«ስፖኪዮው ውስጥ የነበረው ግመል ሌላ ሻኛ አበቀለ።»

«ሻኛውን ተዪና ወንበሩን ንገሪኝ።»

ወንበሩን ትነግረዋለች። ከወንበሩ በኋላ የሽንኩርቱን ገበያ፣ ከገበያው በኋላ የአባቷን ዓይን። አንድ ቀን ሁለቱም የሚሉት አልቆ ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉም። የሚያልፈው የከባድ መኪና ድምፅ እሷ ዘንድ ተሰምቶ ሲርቅ እሱ በስልኩ ይሰማው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ይማም የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ መመርመር ያዘ። ጫፉ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ካለው ዲፍረንሻል ጋር የሚታሰረው በአራት ቡሎን ነው።

«ዘንጉም፣ የሚታሰርበትም፣ በዓይን የማይታይ ጥመት ይኖራቸዋል» አላት። «ጥመታቸው በአንድ ወገን ከዋለ ይደመራል። ዘንጉን ግማሽ ዙር አዙሬ ባስረው አንዱ የሌላውን ያጠፋ ይሆናል። ላያጠፋም ይችላል፤ ሳይሞከር አይታወቅም።» የቀድሞ ቦታውን በነጭ ቀለም ምልክት አደረገበትና አዞረው።

ፈይሩዝ ወጣች። ሰማንያ ላይ ወንበሩ ዝም አለ። ዘጠና ላይ በስፖኪዮው ውስጥ የኋላው አይሱዙ ሾፌር ፊቱ፣ ጢሙ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታያት። መቶ አስገባችው። የነፋሱን ድምፅ የሰማችው ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መንቀጥቀጡ ሸፍኖት ነበር።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አልተደሰተችም። ውርጌሳ ዳር ቆማ መደወሉን ስታዘገይ ስልኩ ራሱ ጠራ።

«እሺ?» አለ ይማም። ትንፋሹ ይሰማል።

መኪናው ሲሠራ የይማም ቁጥር ከስልኳ እንዲጠፋ ዓሪፍ ያለው ትዝ አላት።

«ያው ነው» አለች።

«ዘጠና ላይ?»

«ያው ነው አልኩህ።»

«ወንበሩ ላይ?»

«ወንበሩ ላይ።»

«እኔ እኮ እሱ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ነገ ሌላ እናያለን።»

የፈለገችው ያን ነገ ነበር። አገኘችው።

በማግስቱ መኪናውን ጠዋት ትታለት ከሰዓት ወሰደችው። «የዘንጉን መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራውን ቀይሬዋለሁ» አላት፤ ሌላ አልነገራትም። ሜዳው ላይ ሰማንያ ሲሞላ ወንበሩ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። ፈይሩዝ ደነገጠች። የትናንቱ ፀጥታ ሕልም ነበር? በሽታው ሲለው የሚሄድ፣ ሲለው የሚመጣ ነው? «ያው ነው» ብላ ስትደውል የዚያን ቀኑ ቃሏ እውነት ነበር።

ይማም የኋላ ጎማዎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች አየ። መኪናውን ከሥር የተሸከመውን ባሌስትራ አጠበቀ። ያው ነው። ስልኩ ላይ ንግግሩ እያጠረ ሄደ፤ ከወንበሩ በኋላ ሌላ ወሬ የለም። ዓሪፍ በየሻይ ቤቱ «ኢንጂነራችን ሳምንት ሙሉ ወንበር ያስታምማል» እያለ ያስቅበታል። ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሁለት አይሱዙዎች ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ዑስማን ራሳቸው መጡ። ዓሪፍ ይዟቸው ነው የመጣው፤ ፈይሩዝ ነድታለች። በጋራዡ በር ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች ነበሩና ሾፌሮቹ ጠጋ አሉ።

«አልተቻለህም ወይስ አልፈለግክም?» አለው ዓሪፍ። «መኪናው ከዳነ የስልኩ ጨዋታ ሊቀርብህ ነዋ! እያወቅክ ነው የምታጓትተው።»

ይማም ወደ ሐጂ ዞረ። ፊቱ ገርጥቷል። «ወላሂ፣ አውቄ ያጓተትኩት የለም ሐጂ። ጎማውን አዛወርኩ፤ ለውጥ የለውም፣ መለስኩት። ዘንጉን ግማሽ ዙር አዞርኩ፤ ለውጥ የለውም፣ መለስኩት። ክሮቼራ ቀየርኩ፣ ኩሽኔታ አየሁ። ከአቅሜ በላይ ነው። ደሴ ይውሰዱት። እኔም ጋራዡን ዘግቼ ወልድያ ልመለስ ነው። ይህን መለየት ያቃተው ሰው የሰው ነፍስ የሚጫንበትን መኪና መንካት የለበትም።»

ፈይሩዝ የመኪናውን በር እንደያዘች ቀረች።

«ዘንጉን መለስከው?» አለች።

«መለስኩት። ለውጥ የለውም አላልሽኝም?»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። በሽታው አልሄደም፣ አልመጣም። አድኖት ነበር፤ በእሷ ቃል መልሶ አሳመመው።

‹ተሳስቼ ነው› ማለት ትችል ነበር። ባጃጆቹ ስቀው ይበተናሉ፣ ዓሪፍም ይናደድና ይበርድለታል። ይማም ግን የእጁን ሥራ ያፈረሰው ውሸት መሆኑን መቼም አያውቅም።

«አምጥቶ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ለውጥ። ቆሞ ነበር። መቶ ድረስ ነድቼው ቆሞ ነበር። ዋሽቼህ ነው።»

አንዱ የባጃጅ ሾፌር «ያ ረቢ!» አለ። ዓሪፍ ወደ እሷ ሲራመድ ሐጂ ምርኩዛቸውን በፊቱ ዘረጉ።

«ለምን ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው።

ፈይሩዝ መሬት መሬት እያየች መለሰች። «መኪናው ከዳነ በምን ምክንያት እደውልለታለሁ አባ?»

ይማም አላያትም። መፍቻ አነሣና ከመኪናው ሥር ገባ። ቡሎኖቹ ሲላሉ፣ ዘንጉ ሲዞር፣ እንደገና ሲጠብቁ ብቻ ይሰማል። ሲወጣ «ንጂ» አላት። ከዚያ በላይ ቃል አልጨመረም።

አራቱም ገቡ፤ ሐጂ ከፊት፣ ዓሪፍና ይማም ከኋላ። ሜዳው ላይ ሰባ፣ ሰማንያ። አሁን ቢንቀጠቀጥ ማን ያምናታል?

«ጨምሪ» አሉ ሐጂ።

ዘጠና። ወንበሩ ዝም አለ። ሐጂ መዳፋቸውን ወንበራቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩና ወደ ኋላ ዞሩ።

«ዓሪፍ፣ አብረው አይሂዱ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«አብረው ሄደው ቢሆን ይህ ውሸት የት ይዋሽ ነበር?»

ውርጌሳ ሲደርሱ የዙህር አዛን ነበር። ሐጂና ዓሪፍ ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወረዱ። ይማም ሊከተላቸው ብሎ ቆመ፤ በሩን አልዘጋውም።

«ሌላ ሰው ቢሆን የነገረኝ፣ ዓሪፍን ለምኜም ቢሆን ራሴ አያለሁ እል ነበር» አለ። «አንቺ ስለሆንሽ ሐሳቤን ጣልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ትናንት ልሄድ መፍቻዎቼን ጠቅልዬ ነበር።»

ፈይሩዝ ዓይኗ ሞላ፤ ግን ፊቷን አላዞረችም። «አዉፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

መስጊዱ በር ላይ ሐጂ ቆመው ሲጠብቁት ይታያሉ።

«ስለ መኪና የምትነግሪኝን ለጊዜው አላምንም» አለ።

«ስለ ሌላውስ?»

«ሽማግሌ እልካለሁ። አባትሽ ሲጠይቁሽ የምትመልሺውን አምናለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ከወልድያ መጡ። ዓሪፍ እያጉረመረመ ወንበር አወጣላቸው። ሐጂ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው ጠየቋት፤ ሳይደግሙ መለሰችላቸው።

ኒካሑ የታሰረው ማንጎው ተለቅሞ ባለቀ በሁለተኛው ጁምዓ ነው። በዋዜማው ይማም ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘንጉን መረመረው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አራት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተነድቷል፤ ከቡሎኖቹ አንዱም አልላላም።