የሪድዋን ጣትና የነዋል ኮምፒውተር

ወላሂ፣ ይህ ታሪክ ጠብታ ውሸት የለበትም። የተጠራጠረ ከሚሴ ይምጣና ይጠይቅ፤ የሚጠይቀው ሰው ካጣም እኔ እመሰክራለሁ።

ነዋል ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት የተቀጠረች መዝጋቢ ነበረች። ሥራዋ የጨፋን ሜዳ ከብት በሙሉ፣ የተከተበውንም ያልተከተበውንም፣ ኤክሴል ላይ ማስፈር ነው። ዝርዝሩ ከመርዘሙ የተነሳ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ሰው የቦርከናን ወንዝ ሳይሻገር አይቀርም። አንድ ቀን ሁለቴ የተመዘገበውን ልለይ ብላ ፎርሙላ ስታስገባ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና አጓራ።

ከማዶው የጥገና ሱቅ ሪድዋንን ጠሩላት።

«ወንድሜ፣ ሞተብኝ መሰለኝ» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

የግቢው ጥበቃ ሼኽ አብዱልጀሊል ግን ቀድመው ደርሰዋል። «ዓይን ነው ያገኘው» ብለው ዱዓ ይዘዋል። በኛ አገር ሽማግሌ ዱዓ ከያዘ ማንም አይነቃነቅም፤ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ሪድዋንም ባንድ እጁ አሚን እያለ፣ በሌላው ከኪቦርዱ ግራ ጫፍ ያለችውን፣ የተጀመረን ነገር የምታስቆመውን ኤስኬፕ ጠቅ አደረጋት። ማራገቢያው ረጋ። ዝርዝሩ ነፍስ ዘራ።

«አላሁ አክበር!» አለ ቢሮው።

«የዚህ ልጅ እጅ ቀና ነው። እሱ ባለበት ዱዓው ይሰምራል» አሉ ሼኹ።

ነዋል ቀና ብላ አየችው። ጉዱን ሁሉ ያመጣው ያ አስተያየት ነው።

«ቁልፏ ይህች ናት» ቢላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አላላትም። ይባስ ብሎ «እስቲ ልፈትሽልሽ» በሚል ሰበብ በዝርዝሩ ዳር አንድ ፎርሙላ ደበቀባት፤ እያንዳንዱን በሬ ከጨፋ በሬ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ የሚያስተያይ። ነዋል አንዲት ቁጥር በነካች ቁጥር ከብቱ ሁሉ ይነሳል፣ ኮምፒውተሩ ይደርቃል፣ ሪድዋን ይጠራል።

«ዛሬስ ምን ነክተሽበት ነው?»

«የአንዲት ጊደር ዕድሜ ብቻ! ወላሂ!»

«ዕድሜዋን ስለጠየቅሻት አኩርፋ ይሆናል።»

ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትጋርዳለች። ሪድዋንም ሱቁ ተመልሶ የሰው ስልክ ገልብጦ ይገጥማል።

ግን ውሎ ሲያድር «አሚን» የሚልበት ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሼኹ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ፊታቸውን ሲያብሱ ዓይናቸውን ማየት ያቅተዋል። ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ደግሞ ትስቃለች።

አንድ ረቡዕ ተጠርቶ ሲገባ ነዋል ቀና አላለችም። ኃላፊው አቶ ከማል አጠገቧ ቆመዋል።

«ዝርዝሩ ለሰንበቴ የከብት ገበያ መድረስ ነበረበት» አሉ። «ባንድ ፋይል ሁለት ወር! ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ፤ ማሽን ግን አልሆነልሽም። ውልሽን ላድስ አልችልም።»

«ልክ ነዎት» አለች ነዋል መዳፏን እያየች። «እጄ ከባድ ነው።»

ሼኽ አብዱልጀሊል እጃቸውን ዘረጉ። «ያ አላህ፣ የዚህችን ወላጅ አልባ የቲም እንጀራ አትዝጋባት።»

ሁሉም «አሚን» አለ። የሪድዋን አፍ አልከፈት አለው። ዱዓው ሳያልቅ እጁን አወረደ፤ ከሚሴ እንዲህ ያለ ድፍረት አይታ አታውቅም።

«ሼኽ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እስከ ዛሬ ያስቆምኩት በዚች ነው።» ቁልፏን ተጫናት፤ ማራገቢያው ጸጥ አለ። «ያደረቅኩትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«ማል ጄታ?» አሉ ሼኹ፣ ምን እያልክ ነው እንደማለት፣ በኦሮምኛ።

ነዋል ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ለምን?»

«እንድትጠሪኝ።»

«ሽማግሌ መላክ አቅቶህ ነው በሬ የምትልክብኝ?»

አቶ ከማል ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የተደበቀው ፎርሙላ ተሰረዘ፤ ዝርዝሩ የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት ሳይደርስ አለቀ፤ የነዋልም ውል ታደሰ።

ሪድዋንን ግን ሦስት ወር በስሙ አልጠራችውም። እሱ በየቀኑ እየመጣ ከሼኹ ጋር በሩ ላይ ይቀመጣል። «አላህ ሲሻ በቀጣፊ ጣትም ዱዓ ይቀበላል» አሉት ሼኹ። «እኔ አፉ ብዬሃለሁ። የእሷን ራስህ ጠይቅ።»

ሽማግሌ ላከ፤ መለሰቻቸው። ደግሞ ላከ፤ መለሰቻቸው። በሦስተኛው ራሱ ተከትሎ ሄዶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ነዋል ወጣች። እሱ መሬት መሬት ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች።

«አፉ ብዬሃለሁ፤ ግባ» አለችው።

ኒካሁ በወሩ ታሰረ።

መቼም ምዬ ጀምሬያለሁና አንዲት ነገር ከኅሊናዬ ላውርድ። ነዋል ያለችው «ግባ» ብቻ ነው። «አፉ ብዬሃለሁ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሪድዋን ሁለት ልጅ ወልዶም ያችን ቃል ከአፏ እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያው ወረቀት ላይ እንኳ ያግኛት ብዬ ነው።