ሳይነበብ የተዘጋ ካርድ

በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ምላጭ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ግማሹ ለእጇ ፍጥነት፣ ግማሹ ለምላሷ። እሷም አልጠላችውም። ሥራዋ ታክሞ የወጣን ሰው ካርድ ማንበብና ሕመሙን፣ ጉዳቱን፣ የተደረገለትን ቀዶ ሕክምና በየኮዱ ለይታ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። ሰውየው ሌላ ቀን ታሞ ሲመጣ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው እሷ ያስገባችውን ነው።

ክፍሉ ታዲያ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረው። ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያሰናብት በጥድፊያ የሚሞላትን ማጠቃለያ ብቻ አይቶ ካርዱን መዝጋት። «የሆድ ጉዳት፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በደህና ወጥቷል» ከተባለ አለቀ። የትኛው የሆድ ዕቃ ተጎዳ? ምኑ ተሰፋ? ምን ወጣ? ይህ ሁሉ ያለው መሃል ላይ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስለው የቀዶ ሐኪሙ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ማን ዓይኑን ያጥፋ? «የሆድ ጉዳት፣ ያልተለየ» የሚለውን ኮድ ይመቱና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር አታጡም።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት አጎቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ብስክሌት ሲነዳ የቆመ መኪና በር ፊቱ ላይ ተከፈተና ወደቀ፤ የብስክሌቱ መሪ የግራ ጎኑን ወጋው። ሆዱ በደም ተሞልቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። ዳነ። ቀዶ ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት ምን እንደተሠራለት በሐኪም ቋንቋ ነግሮት ነበር። አጎትየው ግን ሰው እንዳይንቀው ራሱን ነቀነቀ እንጂ «ምን ማለት ነው?» አላለም።

ካርዱ ካርድ ክፍል ሲደርስ ምላጭ ከክምሩ ላይ መነተፈችው።

«ይሄን ለኔ ተዉት። አጎቴ ነው፤ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። የሱንማ በቃሌ ነው የማውቀው።»

ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ቀና አለች። «ብታውቂውም ግለጪው እንጂ። ምን እንደተሠራ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ላይ አለ።»

«ምን ይሠራል? ቀደዱት፣ ደሙን አቆሙት፣ ሰፉት። ሌላ ምን ፈለግሽ፣ የክሩን ቀለም?»

«ጽሑፉ ካልተነበበልሽ ሐኪሙ ጋ ልደውልልሽ።»

«ደውይና ስድብሽን ጠጪ። እኔ ቁርሴን በልቻለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምላጭ ያችኑ የተለመደች ኮድ መታችና ካርዱን ዘጋችው።

ወራት አልፈው አጎትየው አንድ ጠዋት ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ድንገተኛ ክፍል መጣ። ተረኛዋ ሐኪም ገና ሥራ የጀመረች ወጣት ናት። ጠባሳውን አይታ ጠየቀችው። «ደም ፈሶኝ ሰፍተውኝ ነው» አላት። ኮምፒውተሩን አየች፤ «የሆድ ጉዳት፣ ያልተለየ» ይላል። የትኩሳት ክኒን ሰጥታ ሸኘችው።

በማግስቱ ራሱን ስቶ በሰው ትከሻ ተመለሰ። ደሙ ተመርዞ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን እንደ ከሰል ጠቆሩ፤ ከአውራ ጣቱ በቀር ተቆረጡ። መቀስ የሚይዝበት፣ መርፌ የሚይዝበት እጅ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ምላጭና የአጎቷ ሚስት ባሉበት፣ ቀዶ ሐኪሙ ወጣቷን ሐኪም አፋጠጣት። «ጣፊያ የሌለው ሰው በትኩሳት መጥቶ በክኒን ይሸኛል? ጣፊያ የወጣለት ሰው ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅም ያንሰዋል፤ ትኩሳት ከያዘው ሰዓት አይሰጥም፤ ወዲያው መርፌ ነው። እኔ እኮ ጽፌዋለሁ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ የለም፣ ዶክተር» አለች ወጣቷ።

«ይቺ ናት እጁን የበላችው» አለች የአጎትየው ሚስት ወደ ወጣቷ እየጠቆመች። ከዚያ ዞራ ምላጭን አቀፈቻት። «አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር፣ ልጄ?»

  ምላጭ ዓይኗን በጨው ታጥባ ዝም ብትል የሚጠረጥራት አልነበረም። ወጣቷ ሐኪም ተጠርታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ በመስታወቱ በኩል አየቻት፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት እንደ ተማሪ ቆማለች። ምላጭ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ተጽፏል። እኔ ነኝ ያልገለጥኩት።»

ይህ ቀላሉ ነበር። የከበደው አልጋው ዘንድ መሄዱ ነው። አጎቷ የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አስደግፎ ተኝቷል።

«አጎቴ፣ ካርድህን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ። ጣፊያህ እንደወጣ ተጽፎ ነበር።»

«ለምን አላነበብሽውም?»

«አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ያንተ ስለሆነ።»

«የማታውቂያቸውንስ ታነቢ ነበር?»

አንገቷን ደፋች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እንግዲያ እኔ ጋ ተቀምጠሽ ምን ታለቅሻለሽ?» አላት። ቁጣም አልነበረበትም፤ ይቅርታም አልነበረበትም። «እጄ አንዴ ሄዷል። ሂጂና የነሱን ግለጪ።»

ሄደች። የባልደረባዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ «ያኔ ያሾፍኩብሽ…» ብላ ጀመረች። ባልደረባዋ ሳታስጨርሳት ወንበር ሳበችላት። «ያልተለየ» የተባሉትን የሆድ ጉዳቶች ካርድ ከየመደርደሪያው እያወረዱ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ያዙ። ያልተነበበላትን ምላጭ ራሷ ይዛ በየቀዶ ሐኪሙ በር ላይ ትቆማለች። አንዳንዱ ያመናጭቃታል፤ ትሰማለች፣ ሳታገኝም አትመለስም። ሥራዋ በእጥፍ ዘገየ፤ ምላጭ የሚላትም እየቀነሰ መጣ።

እናንት የምትታከሙ ወገኖች፣ ከሆዳችሁ ምን እንደተሰፋ፣ ምን እንደወጣ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን እንደገባችሁ አትነቅንቁ። እናንት የምትጽፉ፣ ሰው በሚያነበው እጅ ጻፉ። እናንት ካርድ የያዛችሁ ደግሞ ግለጡት።

ካርዱ ሲነበብ ጣፊያዋ የወጣ አንዲት ሴት ተገኘች። ምላጭ ስልኩን አነሳች።

«ከሆስፒታል ነው የምደውለው፣ እናቴ። መኪና ገጭቶዎት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ነበር አይደል?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ተመስገን፣ ድኛለሁ።»

«የሚወስዱት ክትባት ስላለ መምጣት አለብዎት። ትኩሳት ቢነካዎት ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይምጡና ጣፊያ የለኝም ይበሉ።»



«ከኔ ሆድ የወጣ ነገር ነበር እንዴ?»

ምላጭ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ስልኩን ግን አልዘጋችም። ካርዱን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ ገጹን ገልጣ፣ ቀስ እያለች ታነብላቸው ጀመር።