ዘጠኝ ከአሥር የበለጠበት መጋዘን

ገበየሁ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሚዛን ብረት ተመትቶ ሞተ። በዚያ ነሐሴ መርሳ ከተማ ጦርነቱን ፈርቶ ከወልድያ በሸሸ ሰው ተጨናንቃ ፍየሎቹ እንኳ የሚያመሰኩት ወረፋ ይዘው ነበር፤ አንድ የመጋዘን ኃላፊ ሞተ ቢባል ቀና ብሎ የሚያይ አቅም ያለው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሮማን ግን ማየት ነበረባት። እሷም ተፈናቃይ ናት፤ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ገባች። ሬሳው በስንዴ ጆንያዎች መካከል ተደፍቷል። መስኮት የለም። ባለው አንድ በር ላይ ጋሼ ዓለምነህ ላፕቶፕ ታቅፈው የሚገባውን ሁሉ ስምና ሰዓት ይጽፋሉ። ሬሳውንም ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጉ ሲገቡ። ይታገሱ የሚባል የወልድያ ልጅ የሠራው የመመዝገቢያ ገጽ መጨረሻ የገባውን ሰው ከላይ በቀይ ያወጣል። ቀዩ መስመር «ፀዳለ፣ 9:40» ይላል።

ፀዳለ የተፈናቃዮቹ ነርስ ናት። ለቁስል ማጠቢያ ጨው ወስጄ ወጣሁ፣ ገበየሁም አበዛሽ ብሎ ሲቆጣኝ ደህና ነበር ብትል ማን ሰምቷት! የመጠለያው ጠባቂዎች «ሰርጎ ገብ» ብለዋታል። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት የሾፌሩ የሀብታሙ አይሱዙ ተነሥቶ ደሴ እስር ቤት ያደርሳታል፤ ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ደግሞ ሲመለስ ያየ የለም።

ሮማን ሁሉንም በየተራ ጠየቀች። ጋሼ ዓለምነህ ጣታቸው እንጂ ልባቸው አብሮ እንደማይጽፍ፣ ማን ማንን እንደቀደመ እንደማያስታውሱ አመኑ። ሾፌሩ ሀብታሙ ከፀዳለ በፊት ገብቶ እንደወጣ ነገራት።

«ስትወጣ ገበየሁ እንዴት ነበር?»

«በሰላም ነው የሸኘኝ።»

«ውስጥ እያለህ ከውጭ ጭቅጭቅ አልሰማህም?»

«በዚያ ጄኔሬተር ጩኸት? እንኳን ጭቅጭቅ መድፍም አይሰማም።»

ሮማን እያዛጋች ወደ በሩ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ጄኔሬተሩን ስንት ሰዓት ያስነሡታል?»

«አሥር ላይ፣ ልጄ። ከዚያ በፊት ክልክል ነው፤ ናፍጣው የአምቡላንስ ነው።»

ላፕቶፑን ተቀብላ ዝርዝሩን እስከ ታች ድረስ ወረደች።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ቆሞ ለመናገር ጉልበት አልነበራትም።

«ሀብታሙ መጋዘኑ ውስጥ ሳለ ጄኔሬተር ሰምቷል። ጄኔሬተሩ የሚነሣው አሥር ላይ ነው። ፀዳለ የገባችው ዘጠኝ ከአርባ ነው። ታዲያ ከእሷ በፊት ወጥቶ እንዴት ሰማው? ቀዩን መስመር ሁላችን አየን፤ ደክሞን ግርጌውን ያየ የለም። ግርጌው ላይ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከገቡት በታች፣ 'ሀብታሙ፣ 10:15' ይላል። ይታገሱ፣ ዘጠኝ እንዴት ከአሥር በለጠ?»

ይታገሱ አንገቱን ደፋ።

«ሰዓቱን የጻፍኩት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። ገጹን የጻፍኩበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሁለት ጽሑፍ ሲያነጻጽር ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ያስተያያል። ዘጠኝን የሚያገናኘው ከአሥር ጋር አይደለም፤ ከአሥር መጀመሪያ፣ ከአንድ ጋር ነው። እዚያው ይፈርዳል፤ የቀረውን አያይም። እኔ በፈረንጅ ሰዓት ነበር ያሰብኩት፤ 15:40ና 16:15 ቢሆን ልክ ይመጣ ነበር።»

ጋሼ ዓለምነህ ተቆጡ። «ጀንበሯን እያየሁ አሥራ አምስት ሰዓት ብዬ ልዋሽ?»

የሳቀ የለም። ሮማን ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«ገጹ እንደሚሳሳት አንተም አታውቅም ነበር። ሲያድንህ ግን ዝም አልክ። ገበየሁ ስወጣ በሕይወት ነበር ያልከው አንተው ነህ፤ ከአንተ በኋላ እስከ መዝጊያው ሰዓት የገባ ደግሞ የለም። ፀዳለን ልትጭን ዛሬ ሞተር አሙቀሃል።»

ሀብታሙ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ ሐራ ከተማ ቀርታለች። መንገዱ ሳይዘጋ ላምጣት፣ ሃያ ሊትር ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። የአምቡላንስ ነው አለኝ። ሦስቴ ለመንኩት።»

ፀዳለ አየችው። ከዚያ ወደ ቁስለኞቿ ሄደች።

አይሱዙው በቀጠሮው አራት ሰዓት ላይ ተነሣ። በመጠለያው ሌላ መንዳት የሚችል ሰው ስላልተገኘ መሪውን የያዘው ራሱ ሀብታሙ ነው፤ ሮማን ከጎኑ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከኋላ። የናፍጣውን ፈቃድ የፈረመችው እሷ ናት። ሀብታሙም ለሐራ የተከለከለውን ሃያ ሊትር እያቃጠለ ራሱን ወደ ደሴ ነዳ።