ግብር እምቢ ያለው ደጃዝማች

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በባሕር ማዶ በኮሎምበስ ከተማ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ነበር፤ ሰውም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ከወንድሙ ርቆ፣ ወረርሽኙን ይሸሽ ነበር። ያን ጊዜ በዋይትሆል ሰፈር ጎሳዬ የሚባል፣ በግሮቭፖርት መጋዘን ዕቃ እየጫነ የሚተዳደር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከአንድ ልጁ ከቃልኪዳን ጋር ይኖር ነበር። ጎሳዬ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ከቤቱ የገባ ሰው፣ ጠግቤያለሁ ብሎ ቢምልም፣ አንድ ጉርሻ ሳይጨምር አይወጣም።

በዚያ ወር ፖላሪስ በሚባል የገበያ ማዕከል ሱቅ የምትሠራው ቃልኪዳን አንድ ቡናማ እባብ ገዝታ መጣች። አባቷ ደንግጦ ወደ በሩ ቢሸሽም፣ የእባቡን የአንገት ኩራት አይቶ «ይህስ ደጃዝማች ነው» ብሎ ቀለደ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሳምንት ሳይሞላ ግን ልጂቱ በወረርሽኙ ተያዘች፤ ፎቅ ላይ ካለው ክፍሏ ገብታም በሯን ዘጋች።

«አባዬ፣ ደጃዝማችን ፊድ አድርግልኝ፤ አይጦቹ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ፕሊስ፣ እንዳይሞትብኝ» አለችው ከበሩ ጀርባ።

«በእኔ ጣይው፤ አንቺ ብቻ ዳኝልኝ።»

እንግዳን ብቻውን ማብላት ነውር ነውና፣ ጎሳዬ የእባቡን የመስታወት ቤት ከጓዳ ወደ ሳሎን አወጣው፤ መደበቂያ ዋሻውንም «እንደ ሽፍታ ለምን ይሸሸጋል?» ብሎ አነሣበት። በረዶው የለቀቀውን አይጥ በመቆንጠጫ ይዞ «በሞቴ!» ይለው ጀመር። ዳላስ ያለችው ታናሽ እኅቱ ማሚቴም በስልኩ ቪዲዮ እያየች «አጠገቡ ቁጭ በል እንጂ ጋሼ፤ ብቻውን ማን ይበላል?» ትለው ነበር። ደጃዝማች ግን ግብሩን እምቢ አለ፤ ራሱን በገላው መካከል ቀብሮ እንደ ኳስ ተጠቀለለ።

ቃልኪዳንም እንዲሁ ሆነች። አባቷ ከበሩ ውጭ ቆሞ «በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ!» እያለ ሲለምናት፣ የምስር ሾርባውን ሳትነካ ትመልሰው ነበር። የጎሳዬ ልብ ሁለቱን አስተሳሰረ፤ እባቡ ከሞተ ልጄም አትተርፍም ብሎ ፈራ።

«ዛሬስ በላ?» አለችው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ።

«አልበላም፣ ልጄ። ሳሎን አምጥቼ፣ ካጠገቡ ሳልለይ እየለመንኩት...»

«ሳሎን? ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! ስትሬስ አድርገኸዋል እኮ። ገና አዲስ ቤት መምጣቱ ነው። ሸፍነውና ተወው፤ ሰው እያየው አይበላም።» ሳል አቋረጣት። ቆይታም ቀስ ብላ፣ «እኔም እንደሱ ነኝ። ሳህኑን አስቀምጠህ ሂድልኝ» አለች።

ይህ ቃል ለጎሳዬ ከበደው፤ ለእንግዳ ጀርባ መስጠትን ያስተማረው የለምና። ነገር ግን ታዘዘ። የመስታወቱን ቤት ወደ ጓዳ መለሰ፤ ያነሣውን ዋሻ መልሶ አስገባ፤ አይጡን ከዋሻው ደጃፍ አኖረ፤ በመስታወቱ ቤት ላይም ጋቢውን ጣለበት። ሾርባውን አሙቆ ከልጁ በር ሥር አስቀመጠና «በሞቴ» ሳይል ወረደ። ወጥ ቤት ተቀምጦም እጆቹን የሚያደርግበት አጣ።

ከጓዳ አንድ ነገር ጓ አለ። ሄዶ የጋቢውን ጫፍ በጣቱ ገለጥ አድርጎ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ያ ጠባብ አፍ እንደ ከረጢት ተከፍቶ፣ ከራሱ የሚሰፋውን ሲሳይ ያለ እጅ፣ ያለ ማኘክ፣ ያለ ችኮላ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቅርፊቶቹ ተራርቀው ከሥራቸው ነጭ ቆዳ ይታያል። በጥንት ዘመን ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ፍየልና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ሲባል ጎሳዬ በልጅነቱ ይስቅ ነበር፤ አሁን ግን አልሳቀም።

«ጌታዬ፣ ሥራህ ግሩም ነው!» አለ፤ ጋቢውንም መለሰ።

ወዲያው ከላይ በር ሲከፈት ሰማ፤ ጥቂት ቆይቶም ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ። እግሩ ወደ ደረጃው ሮጠ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ እንደረገጠ ግን ራሱን ገታ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እያለቀሰ ቆመ።

የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የሞቱትን ቈጥረዋል፤ የተዘጉትን ደጆችና ባዶ የቀሩትን ጎዳናዎች ጽፈዋል፤ መጻፋቸውም ተገቢ ነው። በዋይትሆል አንድ አባት ልጁ ትበላ ዘንድ ጀርባውን ሰጥቶ መቆሙን ግን የጻፈ የለም። ያየችው ቃልኪዳን ብቻ ናት፤ ሳህኑን ታቅፋ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።