ከድልድዩ የቀደመው መቃብር

ሰኞ ጧት የሐያሲው ክፍል ሲከፈት ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ታናሽ እህቱ፣ የጋዜጣው አዘጋጅና አሳታሚው። አዘጋጁ የመጣው ለሐሙስ እትም የሚሆነውን የመጽሐፍ ሒስ ሊወስድ ነው። አሳታሚው ግን አንድ አዲስ መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ደረጃውን የወጣበትን ጉዳይ ለጊዜው አልተናገረም። ቁልፉን ያዞረችው እህቱ ናት። የሰፈሩ ሰው «እትዬ» ይላታል፤ ምድር ቤት ባለችው ክፍል የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ፣ ድምፅዋ ከመርፌዋ የማይበልጥ ሴት ናት።

ሐያሲው ሶፋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፤ መነጽሩ ታጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

«ጋሼ» አለች እትዬ። ደገመችው። ሦስተኛውን አልጨረሰችውም።

የመጻሕፍት ሰው ሁሉ ሐያሲውን «መቀስ» እያለ ነበር የሚጠራው። ልማዱም ከስሙ እኩል የታወቀ ነው። ሒስ በሚጽፍበት ቀን እህቱ ከውጭ ትቆልፍበታለች፤ የሚያዛትም ራሱ ነው። «ካልተቆለፈብኝ እግሬ ወደ ደጅ፣ አፌ ወደ ወሬ ይሄድብኛል» ይላል። ሲጨርስ በሩን ያንኳኳል፣ ትከፍትለታለች። ሳያንኳኳ ግን ቤቱ ቢቃጠልም እንዳትደርስበት አስምሏታል። ጋዜጣው ቤት «መቀስ አንኳኳ» ከተባለ፣ አንድ ደራሲ እንቅልፍ አጣ ማለት ነበር።

የተጠራው ሐኪም አይቶ የገደለው አስሙ ነው አለ። የሚስበው መድኃኒት በካፖርቱ ኪስ ተገኘ። ካፖርቱ ደግሞ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«የቆለፈበት ማን ነው?» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «እሑድ ከምሳ በኋላ። የሙሽራ ልብስ ላደርስ ስሄድ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼው ሄድኩ።»

«ስትመለሺስ?»

«ጭጭ ብሏል። አላንኳኳም፤ ስለዚህ አልከፈትኩም።»

ፖሊሱ ሲጽፍ ቆይቶ ቀና አለ። «ከሰፈር እንዳትርቂ» አላት። እትዬ የት ልትርቅ እንደምትችል አሰበች፤ ምንም አልመጣላትም።

ረፋዱ ላይ መርማሪዋ መጣች። አጭር ናት፤ ጉንፋን ይዟት መሐረቧን እጅጌዋ ውስጥ ወሽቃለች። ሰላምታ ሰጥታ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና የሟቹን ቀኝ እጅ ገልብጣ አየች። የጣቶቹ አንጓ ተልጧል። ተነሥታ የበሩን ውስጠኛ ገጽ በመዳፏ ዳሰሰች። ከእጀታው በታች ቀለሙ ተፍቋል።

«ወንድምዎ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ የማስገባት ልማድ አለው?»

«የለውም፣ ኢንስፔክተር። ግንባሩ ላይ ሰቅሎት የት ገባ እያለ ቤቱን ሁሉ የሚያስስ ሰው ነው።»

«ብዕሩም እንደተከፈተ ነው» አለ አዘጋጁ ጠረጴዛውን እያየ። «ወረቀትም የለም። መቀስ ደግሞ ብዕሩን ከፍቶ አንድ ቃል ሳይጽፍ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ በመሐረቧ ያዘችው። የላይኛው ክፍል ስለሚታሸግ ምርመራው በእትዬ የስፌት ክፍል ሆነ። እትዬ ውጪ አላሏትም፤ ነጫጭ ቀሚሶቹ ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

መጀመሪያ አሳታሚው ገባ።

«ጧት የያዙት መጽሐፍ ምንድን ነው?»

«ይኸው ነዋ፣ ያው እሱ ሒስ የሚጽፍበት! ስለ አስማትና ስለ ጊዜ ጉዞ፣ ለወጣቶች የተጻፈ። ሁለተኛው ክፍል ነው። የላክንለት ቅጂ ሲጠረዝ ተበላሽቶ ልለውጥለት ነበር። ልጅቷ ዛሬ ገና ቁርሴን ሳልቀምስ ደውላ ጆሮዬን በላችው።»

«ልጅቷ?»

«ደራሲዋ። ጎበዝ ናት፣ ግን ነዝናዛ! እስካሁን የተሰፋው ሦስት ብቻ ነው፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለሟቹ። የገጽ ቁጥር እንኳ አልገባበትም። ምዕራፍም ቁጥር አይሰጠውም ብላ ድርቅ አለች። ‹ጊዜ ተራ የለውም› ትለኛለች እኮ!»

መርማሪዋ አስነጠሰች። «የመጀመሪያውን ክፍል ሟቹ ምን ብሎት ነበር?»

«አፈር አለበሰው! ሁለተኛውንም ቢደግምላት ሦስተኛውን አላትምም ብያታለሁ። ግን በዚህ ሰው አይገደልም፣ ኢንስፔክተር። ቢገደልማ አንድ ሐያሲ በሕይወት አይገኝም ነበር።» ሊስቅ ጀመረና እትዬን አይቶ ተወው።

ደራሲዋ ከሰዓት በኋላ ተጠርታ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ጥፍሯን እስከ ሥጋዋ በልታዋለች። ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀመጠች። ለእትዬ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ስትል አንገቷን አላቀናችም።

«እሑድ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ሟቹን ታውቂው ነበር?»

«እንኳን ላውቀው፣ ስሙ ሲነሣ ተነሥቼ እወጣለሁ።»

«መጽሐፍሽን ተርኪልኝ እስቲ። ሳነብ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ደራሲዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ። ታሪኩ ስለ አንዲት አስማተኛ ልጅ ነው። እናቷን ጎርፍ ወስዶባታል። በሁለተኛው ክፍል ወደ ትላንት የሚያሻግር ድልድይ ታገኛለች። ትሻገራለች፣ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ትደርሳለች፣ የእናቷን እጅ ትይዛለች።

«ታድናታለች?»

«አታድናትም። ተመልሳ ስትመጣ መቃብሩ እዚያው ነው። በመቃብሩ ያልቃል።»

«ለልጆች አይከብድም?»

«ልጆች ያውቁታል» አለች ደራሲዋ። «የማያውቁት ትልልቆቹ ናቸው።»

እትዬ በርጩማዋ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ መርፌው ጣቷን ወጋት።

«የአንቺ ቅጂ ደህና ነው? አሳታሚው የጥረዛ ብልሽት አለ ብሎኛል።»

«የእኔ ምንም አልሆነም» ብላ ከቦርሳዋ አወጣችው። መርማሪዋ እስከ ነገ አውሺኝ አለቻት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉም በስፌት ክፍሉ ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልበቃ አዘጋጁ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ከእትዬ አልነቀለም። እሷም የለበሰችውን ጥቁር ልብስ ጠርዝ እያፍተለተለች ነበር። ትናንት ማታ ለጎረቤቷ፣ ከታሰርኩ የሙሽሮቹን ልብስ አንቺ አድርሽልኝ ብላ ነግራታለች።

መርማሪዋ ሦስቱን መጻሕፍት ማሽኑ ላይ ደረደረች።

«ከሬሳው እንጀምር» አለች። «ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው በሩን እስኪላጥ ድረስ ደብድቧል። እንዲህ ያለ ሰው የሚወድቀው በሩ ሥር ነው እንጂ፣ ሄዶ ሶፋው ላይ እጁን አጣምሮ፣ መነጽሩን አጥፎ አይተኛም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ገብቷል። አስተኝቶታል፤ ጽሑፉን ወስዷል፤ በሩን መልሶ ቆልፏል።»

«እህቱም ልታደርገው ትችላለች» አለ ፖሊሱ።

«ትችላለች። ለዚህ ነው መጽሐፉን ያነበብኩት። አሳታሚው፣ መጽሐፍ እንዴት ነው የሚሰፋው?»

«በእጥፍ በእጥፍ ነዋ። ትልቁ ወረቀት ይታጠፋል፣ እጥፎቹ ተደራርበው ይሰፋሉ።»

«በእርስዎም በደራሲዋም ቅጂ መቃብሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሟቹ ቅጂ ያ እጥፍ ቦታውን ስቶ ወደ ፊት ተሰፍቷል። አስማተኛዋ ልጅ መጀመሪያ ከድልድዩ ተመልሳ መቃብሩ ላይ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ድልድዩን ተሻግራ እናቷን ልታድን ትሮጣለች። የገጽ ቁጥር የለው፣ የምዕራፍ ቁጥር የለው፤ ታሪኩም ራሱ ፊትና ኋላ የሚረግጥ ነው። ሟቹ ስህተት መሆኑን አላወቀም። መቃብሩ አጠገብ በእርሳስ ምን እንደጻፈ ልንገራችሁ? ‹ደፋር!› ብሏል።»

አዘጋጁ «መቀስ?» አለ። ለሃያ ዓመት ከዚያ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

«አሁን አሳታሚው ይንገሩን። ደራሲዋ ስትደውል በትክክል ምን አለች?»

«በመቀስ ቅጂ መቃብሩ ከድልድዩ ቀድሟል፣ ጥረዛውን አስቁም አለችኝ። ጠራዡን ስጠይቀው ደግሞ...» አሳታሚው ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ወደ ደራሲዋ ዞረ። «ጠራዡ አላወቀም ነበር።»

«ጠራዡ አላወቀም። እርስዎም አላወቁም። የእሷ ቅጂ ደህና ነው። ሟቹ ነገራት እንዳልል፣ እሱ ድንቅ ነው ብሎ ያመነውን ስህተት ነው ብሎ ሊነግራት አይችልም። ያንን ቅጂ በዓይኑ አይቶ ‹ይህ ስህተት ነው› ሊል የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅጂው ደግሞ ሰኞ ጧት በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ነበር።» መርማሪዋ ወደ ደራሲዋ ጎንበስ አለች። «የሞተ ሰው ላይ በር መቆለፍ ቻልሽ። ያለቦታው የገባ ምዕራፍ አይተሽ ማለፍ ግን አልቻልሽም።»

ደራሲዋ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣች። ማሽኑ ላይ ልታስቀምጣቸው ስትል መሬት ላይ ወደቁ።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለች። «ሦስተኛው እንዲታተምልኝ። ደረጃውን ስወጣ ማንኳኳት ጀመረ። መቀስ ካንኳኳ ጨርሷል ማለት ነው፤ ማን የማያውቅ አለ? እንደገና ቆራርጦኛል አልኩ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ከከፈትኩ ፊቴ ላይ የሚያነብልኝ መሰለኝ። ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ቆምኩ።»

«አልጠራም?» አለች መርማሪዋ።

«ድምፅ የለውም። ማንኳኳት ብቻ። ካፖርቱ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ልወቅ? ማንኳኳቱ ሲቆም ከፈትኩ።» ፊቷን ሸፈነች። «መልሼ የቆለፍኩት... እንደነበረ እንዲሆን ነው። ሁሉን እንደነበረ ካደረግኩት ያልሆነ ይመስል።»

«ጽሑፉንስ ለምን?»

«አመስግኖኝ ነበር። ግን ያመሰገነው የእኔን ሳይሆን የጠራዡን ስህተት ነው።»

አዘጋጁ ወረቀቶቹን ከመሬት አንሥቶ ለእትዬ ሰጣት። የወንድሟ ጽሑፍ ነው፣ መስመሩ ወደ ታች የሚያዘነብል። እትዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመሃሉ አነበበች፤ ‹የመጀመሪያው ክፍል አስማት ሁሉን ያድናል ብሎ ዋሽቶኝ ነበር። በዚህኛው መቃብሩን አስቀድሜ አየሁት። ልጅቷ ግን እዚያው እንደሚጠብቃት አታውቅም፤ እናቷን አድናለሁ ብላ ትሮጣለች። አቁሚ ልላት አልችልም፣ ሩጪ ልላትም አልችልም። አንባቢ ሆኜ እንዲህ እጄ ታስሮ አያውቅም።›

ከዚያ በታች ብዕሩ ተንሸራቶ የሄደ መስመር ብቻ አለ።

እትዬ ወረቀቱን አጠፈችው። ይህ ሁሉ ሲነገር የልብሷን ጠርዝ ስታፍተለትል ነበር፤ አሁን እጇ ቆመ።

«ልጄ» አለች ደራሲዋን። «ብዙ አንኳኳ?»

ደራሲዋ መርማሪዋን አየች፤ የሚያድናት አልነበረም።

«ብዙ፣ እትዬ።»

«እኔ ያን ጊዜ እጅጌ እያሰፋሁ ነበር» አለች እትዬ። «ሙሽራዋ ወፍራ ጠበባት። ተይው፣ ነገ እመጣለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር። ግድ የለም፣ አሁኑኑ ልጨርሰው ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ።»

አሳታሚው «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ሊል ጀመረ። እትዬ እጇን አነሣችበት።

ፖሊሱ ከበሩ ገለል አለ። «እትዬ፣ እንግዲህ ነፃ ነዎት» አላት። ትናንት አንቺ ይላት ነበር። እትዬ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች።

«ሰው አለማዳንሽን ሕጉ ምን እንደሚለው ዳኛው ያውቃል» አለች መርማሪዋ ለደራሲዋ። «በሩን መልሰሽ መቆለፍሽን፣ እህቱ ስትጠረጠርም አፍሽን መያዝሽን ግን ለመጻፍ እኔም አይከብደኝም። ተነሺ።»

ደራሲዋ ተነሣች። መጽሐፏን ከማሽኑ ላይ ልትወስድ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ሒሱ ሐሙስ ዕለት እንዳለ ወጣ። አሳታሚው መጽሐፉን መቃብሩን አስቀድሞ አሳተመው፤ ደራሲዋም ከታሰረችበት ሆና አልተቃወመችም። እትዬ ቁልፍ ሠሪ ጠርታ የላይኛውን ክፍል ቁልፍ አስነቀለች፤ በሩ ላይ የቀረውን ቀዳዳ አላስደፈነችውም።