የዳኛዋ ቀይ ካርድ

«ዳኛዋ ትምጣ! ያለ ዳኛ አናምንም» አለ ወሬ ስለማያልቅበት ሬዲዮ የሚሉት ልጅ፣ አፉን በብስኩት ሞልቶ።

ዳኛዋ የሚሏት የክፍላቸው ልጅ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ልጆቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ራቅ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ክሩ አልተፈታም። በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ የሆነ ነገር ስታስር ወይም ስትፈታ ትገኛለች፣ እስኪጠሯት። ካልጠሯት ደወሉ ይደወላል፣ እሷም ወደ ክፍል ትገባለች። «ዛሬ የት ጠፍተሽ ነው?» የሚላት የለም።

የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደረጃ ያላወጡለት ነገር የለም። የምንጊዜም አምስት ምርጥ ግብ ጠባቂዎች፣ አምስት ምርጥ ዘፋኞች፣ አምስት ጨካኝ ነገሥታት። አንድ ጊዜማ የትምህርት ቤቱን አምስት አሰልቺ መምህራን ሲመርጡ አንደኛ የወጡት መምህር ከኋላቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። ስልክ ጠዋት በር ላይ ለጥበቃው ስለሚሰጥ፣ ክርክሩ ሲከር ከፍቶ የሚያጣራ የለም። ያኔ ዳኛዋ ትጠራለች። በታሪክ አጭሩ ጦርነት አንድ ሰዓት እንኳ እንዳልሞላ ታውቃለች። በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለቱ ቡድኖች በኳስ ምርጫ ስላልተስማሙ አንዱን ግማሽ በአንዱ ኳስ፣ ሌላውን በሌላው እንደተጫወቱም ታውቃለች። እሷ የፈረደችው ፍርድ ይግባኝ የለውም። የተረታው ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ወንበሩ አጠገብ ድርሽ አይልም። ሕጉን ያወጣው ካፒቴን ነው። ካፒቴን የተባለው የሚመራው ቡድን ኖሮት አይደለም፤ እሱ ሲስቅ ሁሉም ስለሚስቅ ነው።

«ምንድን ነው ጉዳዩ?» አለች ዳኛዋ፣ ድምጿን ጎርነን አድርጋ።

ካፒቴን በአገጩ የወንበሩን ጫፍ አመለከተ። እዚያ በቅርቡ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው አዲሷ ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ከነሱ ጋር ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ይቺ ልጅ ፍጻሜ ያልነበረው የዓለም ዋንጫ አለ ትለናለች።»

«አራተኛው» አለች አዲሷ ልጅ ቀስ ብላ። «ብራዚል ላይ የተደረገው። የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም።»

«የዓለም ዋንጫ ያለ ፍጻሜ? ሠርግ ያለ ሙሽራ በይና!» አለ ሬዲዮ። ካፒቴን ሳቀ፤ ስለዚህ ሁሉም ሳቁ።

ዳኛዋ ለአፍታም አላሰበችም። «ነበረው እንጂ። ኡራጓይ ብራዚልን ሁለት ለአንድ አሸነፈቻት። ስታዲየሙ ልቅሶ ቤት ሆነ።»

አዲሷ ልጅ ልትናገር አፏን ከፈተች። ፊት ለፊቷ የቆሙትን ሁሉ አየች፣ ከዚያ ዳኛዋን አየች፣ አፏን መልሳ ዘጋች። «እሺ» ብላ ተነሣች። ቦርሳዋን እንዳቀፈች በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ታጠፈች።

«ዳኛችን አትነካም!» አለ ካፒቴን፤ ባዶውን ቦታ በእጁ መታ መታ አድርጎም «ተቀመጪ» አላት። ዳኛዋ ተቀመጠች። ልጅቷ የተነሣችበት ሲሚንቶ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትደርስ እንደተለመደው ማንም የለም። እናቷ ነርስ ናት፤ በዚህ ሳምንት ተረኛ ስለሆነች ምግቡ ወጥ ቤት ውስጥ በሰሃን ተከድኖ ይጠብቃል። ድሮ ይህ ሰዓት የጥያቄ ሰዓት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ማንኪያውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ስትመልስ ሰሃኑን እሱ ያጥባል፣ ስትስት እሷ። ወንድሟ አምና በሌላ ከተማ የብየዳ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አሁን ሰሃኑን ሁልጊዜ የምታጥበው እሷ ናት።

የዛሬውን ፍርዷን ልትጽፍለት ፈለገች። የዚያን ጨዋታ ፎቶ አብራ ልትልክለት ስልኳን ከፍታ ስትፈልግ ግን አንድ ጽሑፍ አገኘችና አነበበችው። መልሳ አነበበችው። በዚያ ዋንጫ መጨረሻ ላይ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው፣ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ዋንጫውን ወስዷል። የኡራጓይና የብራዚል ጨዋታ የመጨረሻው ስለነበረ ሰው ሁሉ ፍጻሜ ይለዋል እንጂ፣ ብራዚል አቻ ብትወጣ እንኳ ዋንጫው የእሷ ነበር። ሌላ ቦታ አየች። ያው ነው። አቻ ተወጥቶ ዋንጫ የሚወሰድበት ፍጻሜ ደግሞ የለም።

ደወለች። ከወንድሟ ድምፅ በፊት የብረት መቁረጫው ጩኸት ተሰማ።

«ምነው እህት ዓለም፣ ደህና ነሽ?»

«አራተኛው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበረው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ብዬሽ ይሆናላ።»

«አልነበረውም።»

ወንድሟ ሳቀ። «እኔ እኮ ያልገባኝን ሁሉ ከራሴ እየጨመርኩ ነበር የምነግርሽ። እማዬ ሥራ ስታመሽ ኩርምት ብለሽ ዝም ትያለሽ። ዝም ስትይ አልወድም ነበር። ዋናው ማስወራቱ ነበር፤ ልክ ይሁን አይሁን ማን አየው?»

«እኔ ግን ለሰው ነገርኩ። በዚያ የተነሣ አንዲት ልጅ ተባረረች።»

«ውይ...» አለ። ከበስተኋላው አንድ ሰው ጠራው። «ታዲያ ማን ያውቃል? አንቺና እኔ ነን። በይ አለቃዬ መጣ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

አልደወለም። ዳኛዋ ምግቡን ሳትከፍተው ቁጭ አለች። ወንድሟ አንድ ነገር ልክ ብሏል፤ ማንም አያውቅም። ጥበቃው ስልክ ሲመልስ ሁሉም ወደ ዘፈኑና ወደ ጨዋታው ነው የሚሮጠው፤ የእሷን ፍርድ የሚያጣራ የለም፤ እስከ ዛሬ ያጣራም የለም። ብትናገር ግን ነገ ለምን ይጠሯታል? በመልሷ እንጂ በሌላ በምን ፈልገዋት ያውቃሉ? ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ። ማንም ስለሌለ አልደበቀችውም።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ገና ጥጉን ስትታጠፍ ካፒቴን እጁን አወዛወዘላት። «ዳኛዋ፣ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ።» ቦታ ተይዞላት አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ይህንን ነበር።

አዲሷ ልጅ ራቅ ብሎ ካለው የውሃ ቧንቧ ሥር፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን በጣም በጥንቃቄ ትቆርሳለች። ሥራ የያዘ ሰው ትመስላለች። ዳኛዋ ያን ዓይነት ሥራ አሳምራ ታውቀዋለች።

«ትናንት ተሳስቻለሁ» አለች ዳኛዋ፣ ሳትቀመጥ። «ፍጻሜ አልነበረውም። በነጥብ ነው ያለቀው። ልጅቷ ልክ ነበረች።»

ካፒቴን ወደ ቧንቧው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ሰማሽ? አቦ ተይው። ዳኛ ተሳሳተ ከተባለ ያለፈው ሁሉ ሊበላሽ ነው እኮ። እኔ በግብ ጠባቂው ክርክር ያሸነፍኩትስ?»

«በዚያ እኮ የተባረርኩት እኔ ነኝ!» አለ ሬዲዮ ብድግ ብሎ። «ሳምንት ሙሉ ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋር ነው የዋልኩት! ይጣራልኝ!»

«የግብ ጠባቂው ልክ ነበር» አለች ዳኛዋ። ከዚያ አሰበችና «ይመስለኛል» አለች። «ለማንኛውም የትናንቱ ቀይ ካርድ የእኔ ነው።»

የሚያስቆማት ሰው ይኖር ይሆን ብላ ትንሽ ጠበቀች። ካፒቴን ትከሻውን ሰበቀ። ወደ ቧንቧው ስትሄድ የግቢውን ግማሽ ሳታቋርጥ ሬዲዮ ስለ ሌላ ነገር መለፍለፍ ጀምሯል። ይህ ከቀይ ካርዱ ይልቅ አመማት።

አዲሷ ልጅ ስትመጣ አየቻት እንጂ አልተነሣችም፤ ፈገግም አላለችም።

«አንቺ ነሽ ልክ» አለች ዳኛዋ። «ነግሬያቸዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«መናገሬን?»

«ልክ መሆኔን።» ዳቦዋን ዋጠች። «አባቴ የዚያን ዋንጫ ነገር ጨርሶ አይሰለቸውም።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርሽኝም?»

«ከማን ጋር ሆኜ? እኔ አንድ ነኝ፤ አንቺን ሁሉም ያምኑሻል።»

«ይቅርታ» አለች ዳኛዋ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከጠርዙ ላይ አንሥታ እግሯ ሥር አስቀመጠች። ዳኛዋ አጠገቧ ተቀመጠች። እርጥብ ነበር።

ካፒቴን እየሮጠ መጣ። «ዳኛዋ፣ አንዴ ብቻ ነይ። ታላቁ ፒራሚድ ሲሠራ ክሊዮፓትራ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ነይ ፍረጂና ከፈለግሽ ወደ ቅጣትሽ ትመለሻለሽ። እኔ ነበረች ብያለሁ» ብሎ ዓይኑን ጠቀሳት።

መልሱ አፏ ላይ ደርሷል። ክሊዮፓትራ ስትወለድ ፒራሚዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አሮጌ ነበር፤ ይህንን ከወንድሟ ሳይሆን ከራሱ ከታሪክ መጽሐፉ ነው ያነበበችው። ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩዋታል። ልቧ ተነሺ ተነሺ አላት።

«ቅጣት ላይ ነኝ» አለች።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? እኔ ፈቅጃለሁ።»

«አይ፣ ሂድ። ይጀምሩብሃል።»

ካፒቴን አንዴ እሷን፣ አንዴ አዲሷን ልጅ አየና «ፋራ ነሽ» ብሎ ተመለሰ። ዳኛዋ እስኪቀመጥ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። የያዘላት ቦታ ላይ ሬዲዮ ተጋድሟል።

ዳኛዋ ጥያቄ ፈለገች። በጭንቅላቷ ያለው ሁሉ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የግብ ብዛት ነው፤ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ከዚህች ልጅ ጋር ምን እንደሚወራ አላወቀችም።

«በፊት...» አለችና እንደገና ጀመረች። «እዚህ ከመምጣትሽ በፊት የት ነበር የምትማሪው?»

አዲሷ ልጅ ዞር ብላ አየቻት፣ የምትቀልድ እንደሆነ ለማወቅ። ከዚያ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻትና መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ እየረዘመ፣ ስለ አሮጌው ትምህርት ቤት፣ እዚያ ስለቀሩት ሁለት ጓደኞቿ፣ ከሄደች ወዲህ አንዳቸውም ስላለመደወላቸው። ዳኛዋ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አላቋረጠቻትም።