አህያዋ አህያ ናት

«ወርቁ የት አለ?» አሉ መርጌታ ወልደ ሐዋርያት።

የብርጓል ፊታቸው ቆማለች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተኮልኩለው ተራቸውን የሚጠብቁት የቅኔ ተማሪዎች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። የሚስቁት በአህያዋ ነበር። መምህሩ ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የታመመ መሰለ።

«ሰሙንስ ሰማሁ» ቀጠሉ መርጌታ። «አህያ አለች፣ ሰልፍ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ከሥሩ ምን ተሸሽጓል ነው የምልሽ!»

«ከሥሩ ምንም የለም አባባ። አህያዋ አህያ ናት።»

«አህያማ ገበያ ሞልቷል። ይህን ልትነግሪኝ ነው እየሮጥሽ የመጣሽ? ተመለሽ!»

ተመለሽ ማለት ወደ ቤትሽ ሂጂ ማለት አይደለም። ወደ ተቀመጥሽበት ሂጂና የተሻለ ይዘሽ ነይ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪዎች ይህን ቃል ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ፤ ለምደውታል። የብርጓል ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ የመምህሩም የገዛ ልጅ ናት። በሰው ፊት እንዲህ መባሉን አትለምደውም።

ነገሩን ያመጣችው በራሷ አፍ ነው። መስከረም ላይ እራት እየበሉ ሳለ «ደራሲ ነው የምሆነው» አለች። የአማርኛ መምህሯ ወይዘሪት ፀሐይወርቅ፣ የማንም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በየቤታቸው እየጻፉ፣ ለጋዜጣና ለሬድዮ እየላኩ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ለክፍሉ የተናገሩ ዕለት ነበር። ክፍሉ «ሥራ ፈት ማለት ነው?» ብሎ ሲስቅ የብርጓል አልሳቀችም። ቤቷ እስክትደርስ ሌላ ነገር አላሰበችም።

«ደራሲ?» አሉ አባቷ ጉርሻቸውን አቁመው። «መቼ መቼ ነው የምትጽፊው?»

«ሲመጣልኝ ነዋ።»

«ሲመጣልኝ! ሲመጣልሽ የሚመጣ እንግዳ ነው። እኔ ዘንድ ሲመጣለት ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ የለም። ከነገ ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየቀኑ አንድ ነገር አበጅተሽ ትነግሪኛለሽ፤ የትናንቱን መድገም የለም። የቀረሽ ቀን ብዕርሽን ሐይቅ ነው የምጥለው።»

«በግእዝ ነው?»

«በፈለግሽው! በቃልሽ ብቻ ይሁን። ከወረቀትማ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ያነባል።»

ይህ ፍቅር አልነበረም። የብርጓል እስኪሰለቻት የተሰጣት ቅጣት እንደሆነ ገብቷታል። ስለዚህ በእልህ ተቀመጠች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ምንም አይመጣም ነበር፤ ውኃውን ስታይ ፀሐይዋ ትሄድባትና የሆነ ያልሆነውን ነግራ ተሰድባ ትገባለች። እየዋለ እያደረ ግን አንድ ነገር አወቀች። ዓይኗ ፊት ያለውን ነገር ትክ ብላ ካየችው፣ መረቡን የሚፈታው ዓሣ አጥማጅ ወይም ታንኳው ላይ ቆሞ የሚጨቃጨቀው ቀዛፊ ራሱ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ኅዳር ሲገባ እግሯ ሳታዝዘው ወደ ድንጋዩ ይወስዳት ጀመር። አባቷን ግን እንደ ጠላቻቸው ነበር። ይህን በልቧ ስትል አልፈራችም።

ከምትጽፋቸው የተሻለውን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ትሰጣለች። አርብ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው ታነበዋለች፤ ድምፁ ከትምህርት ቤቱ አልፎ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ወይዘሪት ፀሐይወርቅ የነገሯት ዓይነት ጋዜጣ እጇ ላይ የለም፤ ይህ ግን አለ። በሳምንቱ ውስጥ የራሷ የምትለው ነገር ቢኖር የአርብ ጠዋቷ ብቻ ነው።

አህያዋም ለአርብ የታሰበች ነበረች። እውነተኛ አህያ ናት። የአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀያይ ጨርቆች ገና ከየምሰሶው ሳይወርዱ፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና ተማሪው ሁሉ በዋናው መንገድ ዘንባባዎች ሥር ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ረፋዱ አለፈ፣ ፀሐዩ አናት በሳ። ድንገት ከፊት ያለው «መጡ!» አለና ሰልፉ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ። ከመታጠፊያው ብቅ ያለችው ግን ከሰል የጫነች፣ ነጂዋ የጠፋባት አህያ ነበረች። ቆመች፤ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ግራና ቀኙን አየች። ከዚያ ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ መሐል ለመሐል አለፈች። እንግዳውማ በሌላ መንገድ አልፎ ኖሮ ጭራሽ አልታየም።

ይህ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ይህን ነው አባቷ «ወርቁ የት አለ?» ያሉት።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ደሞዝ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ጠራት። ደሞዝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ነው፤ በወጣት ማኅበሩም ሥልጣን አለው። አባቱ ከአዲስ አበባ ወደ ከተማው ፋብሪካ ተዛውረው ነው የመጡት። ደረቱ ላይ የምታብረቀርቅ ዓርማ አለች፤ ሲናገር ዓርማዋን ይነካካል።

«ቁጭ በይ፣ ጓድ የብርጓል።»

ጓድ ካለ ነገር አለ። ተቀመጠች። ለአርብ የሰጠችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጽሑፍሽን አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ።» ደሞዝ ማሰብ ሲጀምር ለማንም አይበጅም። «አህያዋ ማን ናት?»

«አህያ ናት።»

«አትፎግሪኝ።»

«ከሰል የጫነችዋ ናት። አንተም እኮ ከፊት ነበርህ። መጀመሪያ ያጨበጨብህ አንተ ነህ።»

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። የደሞዝ ፊት ተለዋወጠ።

«የመርጌታ ልጅ 'አህያ' ብላ አህያ ማለቷ ነው? እኛን እንደ ፋራ ነው የምታይን? 'ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አለፈች' ብለሻል። ይህ ሰፊው ሕዝብ ነው? ወይስ እንግዳው ጓድ ናቸው?»

የብርጓል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ትናንት አባቷ ፈልገው ያጡትን ወርቅ ደሞዝ በአንድ ጊዜ ሁለት አገኘ! ወዲያው ግን የክፍሉ በር መዘጋቱን አየችና ሳቁ አፏ ውስጥ ደረቀ።

«እኔ ያየሁትን ነው የጻፍሁት» አለች።

«'የጻፍኩት' በይ፤ ባላገር!» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ድምፁ ለስለስ ሲል ይበልጥ ያስፈራል። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ ነሽ። ይህ ካንቺ ጭንቅላት የወጣ አይደለም። አባትሽ ናቸው ያስጻፉሽ፣ አይደል? እንደዛ በይና ያልቃል። አርብ አርብ ታነቢያለሽ። ለሬድዮ ጽሑፍ ስንልክም ያንቺን ነው የማስቀድመው።»

«አባባስ?»

«ቀበሌ ተጠርተው ይጠየቃሉ። ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው።»

በዚያ ዘመን «ጥቂት ቀን» የሚባለው ስንት እንደሚሆን ሕፃን ልጅም ያውቅ ነበር። ከጥቂት ቀን ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች በየመንደሩ አሉ።

«አላስጻፉኝም ብልስ?»

«እንግዲያ አህያዋ ያንቺ ናት። ሚኒ ሚዲያውን ትለቂያለሽ፤ ወረቀቱም እኔ ጋ ይቀመጣል። ነገ ከሰንደቅ ዓላማው በፊት መልስሽን ይዘሽ ነይ።»

የብርጓል ከክፍሉ ወጥታ የሄደችው ወደ ድንጋዩ ነው።  ከሁሉ ያስደነገጣት ደሞዝ አልነበረም። አባቷ የሌሉበትን ማታ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ በሰው ፊት «ተመለሽ» የሚላት የለም፣ ብዕሯን ሐይቅ እጥላለሁ የሚል የለም። አየችውና አልከፋትም። ይህ ነው ያስደነገጣት።

ግን እንደ ልማዷ ተቀምጣለች፤ ከተቀመጡ ደግሞ ማበጀት ነው። ውሸቷን እንደ ጽሑፍ ልታበጃት ሞከረች። አባቴ እንዲህ አሉኝ፣ አህያዋን እንዲህ አድርገሽ ሳዪያት አሉኝ... አልሄደላትም። አባቷ ቢሆኑ አህያዋን እንዲህ ነው የሚያበጁዋት? ከሰሉም ወርቅ፣ ጆሮዋም ወርቅ፣ ኮቴዋም ወርቅ ይሆን ነበር። እሳቸው የከሰል አህያ አይተው አያውቁም፤ ቢያዩም አያዩዋትም። ያየቻት እሷ ናት። መስከረምን፣ ጥቅምትን እየተሰደበች ተቀምጣ ያገኘቻት፣ ከጅራት እስከ ጆሮ የራሷ የሆነች አንዲት አህያ ናት። ይህችን አህያ ለአባቷ አሳልፋ ልትሰጥ? ሞቷን!

አባቷን ለማዳን ብላ አይደለም። ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንዲያ ነው።

አርብ ጠዋት ደሞዝ ማይክሮፎኑን እየሞከረ ሳለ አጠገቡ ቆመች።

«አህያዋ የእኔ ናት» አለችው። «ማንም አላስጻፈኝም።»

ደሞዝ ለጥቂት ጊዜ አፈጠጠባት። የሸወደችው መስሎታል፤ በምን እንደሸወደችው ግን አልገባውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ይቆጭሻል» አላት። ወደ ሰልፉ ተመለሰች። በእሷ ቦታ ማርሽ ተለቀቀ፤ እስኪያደነቁር ድረስ ተለቀቀ። የብርጓል በማርሹ ውስጥ ሆና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አህያዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳለፈቻት። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አህያዋ ግን እሷ ዘንድ ናት። አርቧ እንደተወሰደባት ያወቀችው ማርሹ ሲያበቃ ነው። ያኔ አለቀሰች፤ አቧራ የገባባት አስመስላ ዓይኗን አሸች።

ማታ አባቷ ፊት ስትቆም መርጌታ አልጠየቋትም። ተማሪዎቹን በእጃቸው አራቁና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ያ ጩኸታችሁ ዛሬ አንቺን አላሰማም» አሉ።

የብርጓል ደነገጠች። አርብ አርብ ይሰሙ ነበር ማለት ነው?

«አስወጡኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አህያዋ። ወርቅ አላት አሉ።»

መርጌታ መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። የቅኔ ሰው ናቸው፤ የተሸሸገውን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

«ወርቁን ማን ሰጣት አሉ?»

የብርጓል ቀና ብላ እሳቸውን አየቻቸው።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«የእኔ ናት አልሁ።»

 የብርጓል አንድ ደግ ቃል ጠበቀች፤ ስለጠበቀችም በራሷ ተናደደች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሻካራ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ። ይብቃሽ። መጻፍ የሚባል ነገር በቤቴ እንዳልሰማ!»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስጀመሩኝ?»

«አሁንም እኔ ነኝ የማስተውሽ።»

«ብዕሬንስ?»

«ሐይቁ ቅርብ ነው» አሉና ተነሡ።

ሳትፈልግ አስገድደው፣ ስትለምደው ከለከሏት። ፈርተው እንደሆነ ገብቷታል፤ መፍራታቸው ግን ንዴቷን አላበረደውም። ሰላም እደሩ ሳትል ገባች።

ቅዳሜ ትምህርት የለም። ለአርብ የሚቀበላት የለም፤ ማታ የሚያዳምጣትም የለም። እንደ ልጅ ተኝታ ብትውል፣ ከጓደኞቿ ጋር ገበያ ብትዞር የሚቆጣት አልነበረም። እግሯ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ተነሣ። ድንጋዩ በፀሐይ ሞቋል። ውኃውን አየች፣ ብዕሯን አየች፤ የአህያዋን ኮርቻ ስለሚበረብሩ ሁለት ሰዎች ማበጀት ጀመረች። አንዱ ወርቅ ስላጣበት ይቆጣል፣ ሌላው ወርቅ ስላገኘበት ይቆጣል። አህያዋ መሐላቸው ቆማ ትጠብቃለች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ቀና አለች። ከዋርካው ባሻገር በሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተማሪዎቹ ተበትነዋል። አባቷ ግን አጥሩ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ። አንድ ጊዜ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ፤ ሌላ ሰው ሲያልፍ መልሰው ተቀመጡ።

የብርጓል አልሄደችም።

ያበጀችውን ከመጀመሪያው ጀምራ በቃሏ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነገረች። መሐሉ ደህና ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አነከሰ፤ ጆሮዋ ያዘው።

«ተመለሽ» አለች ለራሷ፤ ብዕሯንም አነሣች።